ሞተሪኖው እየደከመ፣ ፍሬን ሲረገጥ ዳሽቦርዱ የሚበራ ኮሮላ፤ ችግሩ የግራውንድ ይሆን?

ባለ ኮሮላ፦

ጤና ይስጥልኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 የተሠራች፣ ማንዋል ካምቢዮ ያላት ኮሮላ አለችኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ ለሥራ መመላለሻ እጠቀምባታለሁ። ላለፉት አራት ወራት በየጋራዡ ተንከራትቼ መልስ ያላገኘሁለት የኤሌክትሪክ ችግር ስላለብኝ፣ የምታውቁ እንድትረዱኝ ያየሁትን ሁሉ በዝርዝር ላቅርብ።

ዋናው ችግር ማስነሳት ነው። ጠዋት ቁልፉን ስጠመዝዝ ሞተሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ጭነት እንደበዛበት አህያ እየተጎተተ ይዞራል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ «ጠቅ» ብሎ ዝም ይልና ከሁለትና ሦስት ሙከራ በኋላ ይነሳል። በመጀመሪያ ባትሪው አልቋል ስለተባልኩ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሆነና ችግሩ ተመለሰ። ቀጥሎ ሞተሪኖው ወርዶ ካርቦኑ ተቀየረ፤ ምንም ለውጥ አልመጣም። ሦስተኛው ጋራዥ ደግሞ ሞተሩ እየሠራ መብራት ሲበራ ባትሪው ላይ የሚለካው 13.4 ቮልት ብቻ መሆኑን አይቶ፣ ዲናሞው (ባትሪውን የሚሞላው) ስለደከመ ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሌላ ዲናሞ ገዝቼ እንድመጣ ነገረኝ። እዚህ ለመጠየቅ የወሰንኩት እሱን ከመግዛቴ በፊት ነው።

ከዚሁ ጋር ይያያዙ አይያያዙ የማላውቃቸው ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ማታ የፊት መብራቱንና የሙቀት ማራገቢያውን ሳበራ የሞተር ሙቀት ጌጁ መርፌ በትንሹ ከፍ ይላል፤ ሳጠፋቸው ወዲያው ይመለሳል። ሞተሩ በእውነት ቢሞቅ ኖሮ እንዲህ በቅጽበት ሊወጣና ሊወርድ እንደማይችል እገምታለሁ። በተደጋጋሚ ለማስነሳት ከሞከርኩ በኋላ ኮፈኖውን ስከፍት፣ ከነዳጅ ፔዳል የሚመጣው ገመድ አካባቢ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ይሸተኛል፤ ፔዳሉም ሰሞኑን ከበድ ብሎኛል። ሌላው እንግዳ ነገር ደግሞ መብራት ሁሉ ጠፍቶ እያለ ፍሬን ስረግጥ የዳሽቦርዱ መብራት በደብዛዛው መብራቱ ነው።

መኪናዋ ባለፈው ዓመት ከኋላ በቀኝ በኩል ተገጭታ የላሜራና የቀለም ሥራ ተሠርቶላታል። ከአምስት ወር በፊት ደግሞ ካምቢዮ ወርዶ ፍሪሲዮን ተቀይሯል። አንድ ጎረቤቴ ግራውንዱን፣ ማለትም ኮረንቲው ወደ ባትሪው የሚመለስበትን መንገድ፣ ጠርጥሮ በኦም ሜትር ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከ ሞተሩ ለካና 0.2 ኦም ስላሳየው «ግራውንዱ ደህና ነው» ብሎኛል። ታዲያ ከምን ልጀምር?

አሥር ቁልፍ፦

እኔም በቪትዝ ላይ ተመሳሳይ ችግር ገጥሞኝ ነበር። ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ወፍራም ኬብል ገዝተው ከባትሪው ኔጌቲቭ በቀጥታ ወደ ሞተሩ አንድ፣ ወደ ቦዲው አንድ፣ ከተቻለም ወደ ዲናሞው አንድ ይዘርጉ። የእኔ በአንድ ከሰዓት ተፈታ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ጠቅ ብሎ ያሳፈረኝ ቀን የለም።

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦

ጠያቂው ወንድማችን ምልክቶቹን አንድ በአንድ ስለጻፉልን ሥራው ግማሽ ተቃልሏል። ዲናሞውን አይግዙ። ባትሪውም ሞተሪኖውም ምናልባት ከመጀመሪያው ጥፋት አልነበረባቸውም።

የመኪና ኤሌክትሪክ መሄጃው ሽቦ ነው፣ መመለሻው ግን በአብዛኛው የመኪናው ብረት ነው። ከባትሪው ፖዘቲቭ የወጣ ኮረንቲ በአምፖሉ ወይም በሞተሪኖው አልፎ በቦዲውና በሞተሩ ብረት በኩል ወደ ኔጌቲቩ ይመለሳል። በጋራዥ ቋንቋ ይህን መመለሻ «ማሳ» የምንለው ከጣሊያንኛ ወስደን ነው፤ ገበሬ ከሚያርሰው ማሳ ጋር ዝምድና የለውም። ሞተሪኖው የራሱ የኔጌቲቭ ሽቦ የለውም፤ አካሉ በቀጥታ ከካምቢዮውና ከሞተሩ ብረት ጋር ታስሮ በዚያ በኩል ይመልሳል። ሞተሩና ካምቢዮው ግን ከቦዲው ጋር የሚያያዙት በጎማ መደገፊያዎች ነው፤ ጎማ ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። ስለዚህ በእርስዎ መኪና ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ ካምቢዮው የሚሄድ አንድ ወፍራም ኬብል፣ ወደ ቦዲው የሚሄድ አንድ ቀጭን ቅርንጫፍ፣ በተጨማሪም ከሞተሩ ወደ ቦዲው የተዘረጋ አጭር ማያያዣ ሊኖር ይገባል። ፍሪሲዮን ለመቀየር ካምቢዮው ሲወርድ ኬብሉ ከካምቢዮው መፈታቱ የግድ ነው። ሲመለስ እንዴት እንደታሰረ ያየ ሰው አለ? እኔ የምጠረጥረው እዚያ ላይ ነው።

ጎረቤትዎ በቅንነት ነው የለኩት፤ ነገር ግን መሣሪያው ለዚህ ሥራ አይሆንም። ተራ መልቲሜትር በኦም ሲለካ የራሱ ሽቦዎች ብቻ 0.2 ኦም ያህል ያሳያሉ፤ ሁለቱን ጫፎች እርስ በርስ አነካክተው ቢያዩት ያንኑ ቁጥር ያገኛሉ። መንገዱ በእውነት 0.2 ኦም ቢሆን ኖሮ ደግሞ ከ12.6 ቮልት ባትሪ ከ63 አምፒር በላይ ሊያልፍ ስለማይችል ሞተሪኖው ጨርሶ ባልዞረ ነበር። እኛን የሚያስቸግረን ጥፋት ከዚያ በአሥር እጥፍ ያነሰ ነው። ሞተሪኖ እንደ እርስዎ ባለ መኪና ላይ ከመቶ አምፒር በላይ ይስባል፤ በዚህ መጠን 0.02 ኦም እንኳ ከ2 ቮልት በላይ ይበላል። ከብዙ ክሮቹ አንድ ብቻ የቀረው ኬብልም በኦም ሜትር ሲለካ ጤነኛ ይመስላል፤ ምክንያቱም ኦም ሜትሩ የሚልከው ኮረንቲ እጅግ ትንሽ ነው። በአንድ ሰው ትከሻ ስፋት ያለች መተላለፊያ ለአንድ እግረኛ መንገድ ናት፤ ለሠርግ አጃቢ ግን አትሆንም።

ስለዚህ መለካት ያለብን ኮረንቲው እየሄደ ሳለ በመንገድ ላይ የሚቀረውን ቮልት ነው። መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ ያድርጉት። መኪናውን ከማርሽ አውጥተው የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ የኢንጄክሽኑን ፊውዝ ይንቀሉ፣ ሞተሩ እንዲዞር እንጂ እንዲነሳ አንፈልግም። ጥቁሩን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ እግር ላይ ያሳርፉ፤ እግሩ ላይ እንጂ እግሩን የሚያቅፈው የኬብል ማሰሪያ (ሞርሴቱ) ላይ አይደለም፣ ምክንያቱም በእግሩና በሞርሴቱ መካከል ያለው ነጭ ዱቄት ራሱ ተጠርጣሪ ነው። ቀዩን ጫፍ ዝገትና ቀለም በሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያድርጉ። ሌላ ሰው ቁልፉን ለአራትና ለአምስት ሰከንድ ሲጠመዝዝ ቁጥሩን ያንብቡ። ከ0.2 ወይም ከ0.3 ቮልት ካልበለጠ የሞተሩ ግራውንድ ደህና ነው። ከዚያ ከበለጠ ቀዩን ጫፍ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ እያመጡ በሞርሴቱ ላይ፣ በኬብሉ ማብቂያ ቀለበት ላይ፣ ከዚያም ቀለበቱ በታሰረበት ብረት ላይ ይለኩ። ቁጥሩ በድንገት የሚዘልበት ቦታ የጥፋቱ ቦታ ነው።

«አሥር ቁልፍ» የተባሉት ወዳጃችን የሰጡት ሐሳብ መኪና ያስነሳል፤ እኔም ባትሪ መበደሪያ ኬብል ከኔጌቲቩ ወደ ሞተሩ ለአፍታ አስሬ ለውጥ እንዳለ አያለሁ። ግን ያ መመርመሪያ ነው። ጥፋቱን ሳይፈልጉ በላዩ ኬብል መደረብ፣ የታመመውን ቦታ እዚያው ትቶ መሄድ ስለሆነ፣ ነገ ሌላ ዓይነት ምልክት ይዞ ሲመጣ ፈላጊው የበለጠ ይደናገራል። በአዳዲስ መኪኖች ላይ ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። በኔጌቲቭ ሞርሴቱ ላይ የኮረንቲ መለኪያ ሴንሰር ያለው መኪና ላይ ተጨማሪ ኬብል በቀጥታ ከባትሪው እግር ጋር ከታሰረ፣ በዚያ ኬብል የሚያልፈውን ሴንሰሩ ስለማያየው ኮምፒዩተሩ የባትሪውን ሁኔታ ይሳሳታል።

ፍሬን ሲረገጥ ዳሽቦርዱ መብራቱ ሌላ ቦታ ላይ ያለ ጥፋት ነው፤ እሱን መጨረሻ እንመለስበታለን።

ባለ ኮሮላ፦

ጋሼ፣ በጣም አመሰግናለሁ። በዕድሜ ልጅዎ ሳልሆን አልቀርምና «አንተ» ይበሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድሜን ቁልፍ አስይዤ እንዳሉት ለካሁ። ባትሪው ምንም ሳይጫንበት 12.6 ቮልት ነው። ሞተሪኖው ሲዞር በባትሪው እግሮች መካከል 10.9 ቮልት አገኘሁ። ከኔጌቲቩ እግር እስከ ሞተሩ ብረት ግን 2.2 ቮልት ነው! ደረጃ በደረጃ ስሄድ ሞርሴቱ ላይ 0.03፣ በኬብሉ ማብቂያ ቀለበት ላይ 0.17፣ ቀለበቱ ከታሰረበት ብረት አልፌ የካምቢዮው አካል ላይ ሳሳርፍ 2.2 ሆነ። ለማመሳከር ያህል በፖዘቲቩ በኩል ከባትሪው እግር እስከ ሞተሪኖው ዋና ብሎን 0.3 ቮልት ነው።

በእጅ ባትሪ አጎንብሼ ሳይ ቀለበቱ የታሰረው በራሱ ቦታ ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለ ቀለም የተቀባ የላሜራ መያዣ ላይ ነው። ላሜራው ከካምቢዮው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ በዘይትና በጭቃ ተለብጧል። ከሞተሩ ወደ ቦዲው የሚሄደው አጭር ማያያዣ አንዱ ጫፍ ተፈትቶ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ከሦስት ተከታታይ ሙከራ በኋላ ብሎኑን በጣቴ ብነካው አቃጠለኝ።

ያልገባኝ አንድ ነገር አለ። ፊውዙን መልሼ ሞተሩን አስነስቼ፣ መብራትና ማራገቢያ አብርቼ በዚያው ቦታ ብለካ መልቲሜትሩ 0.6 ያሳየኛል፤ ግን ከፊቱ የመቀነስ ምልክት አለበት። ጫፎቹን አላቀያየርኩም። ይህ ምን ማለት ነው?

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦

ልጄ፣ ጥያቄህ ደስ አሰኝቶኛል፤ ብዙ ባለሙያም ያችን የመቀነስ ምልክት አይቶ ያልፋታል።

ሞተሪኖው ሲዞር የኮረንቲው ምንጭ ባትሪው ነው፤ ስለዚህ መመለሻው ከሞተሩ ብረት ወደ ባትሪው ነው። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ግን ምንጩ ዲናሞው ይሆናል። ዲናሞው ሞተሩ ላይ ስለታሰረ፣ ለመብራቱና ለባትሪው የሰጠው ሁሉ ከቦዲውና ከባትሪው ተነሥቶ በዚያው በታመመ መገናኛ በኩል ወደ ሞተሩ መመለስ አለበት። መንገዱ አንድ ነው፣ አቅጣጫው ተገለበጠ፤ ምልክቱም አብሮ ተገለበጠ። የኮረንቲው መጠን ከማስነሻው ስለሚያንስ የሚቀረው ቮልትም 0.6 ብቻ ሆነ።

በዚህች ቁጥር ሁለት ነገር ይፈታል። አንደኛው «ደካማ» የተባለው ዲናሞህ ነው። አሁን በዲናሞው የውጤት ብሎንና በራሱ በዲናሞው አካል መካከል ብትለካ ከ14 ቮልት በላይ እንደምታገኝ እጠብቃለሁ፤ ግማሽ ቮልት የሚሆነው በግራውንዱ መንገድ ስለሚቀር ባትሪው ጋ ሲደርስ 13.4 ሆኖ ይታያል። አዲሱ ባትሪህ ሁለት ሳምንት ሠርቶ ችግሩ የተመለሰው በከፊል ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ሙሉ ሆኖ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ ግን መብራት በበራ ቁጥር ጠግቦ አይበላም ነበር። ሁለተኛው የሙቀት ጌጁ ነው። የጌጁ ላኪ (ሞተሩ ላይ ተቀምጦ ሙቀቱን የሚለካው ሴንሰር) አንድ ሽቦ ብቻ ያለውና በብሎን ክሩ በኩል ከሞተሩ ብረት ግራውንድ የሚያገኝ ዓይነት ነው። ጌጁ ራሱ ያለው ግን በቦዲው በኩል ነው። መብራት ስታበራ ዲናሞው ብዙ ይሰጣል፣ ሞተሩ ከቦዲው ጋር ሲነጻጸር በቮልት ዝቅ ይላል፣ በጌጁ የሚያልፈው ኮረንቲ በዚያው ልክ ይጨምራል፤ መርፌውም ሙቀት የጨመረ መስሎት ይነሣል። ውኃው አልሞቀም። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለውን ላኪ ስትቀይር ክሩ ላይ ነጩን የቧንቧ ማሸጊያ ቴፕ አብዝተህ አትጠቅልል፤ ግራውንዱን ትነጥቀዋለህ።

ጣትህን ያቃጠለው ብሎን ስንት ኃይል ይበላ እንደነበር እናስላ። ካምቢዮው ላይ ካገኘኸው 2.2 የቀለበቱን 0.17 ስትቀንስ 2.03 ቮልት በዚያች መገናኛ ብቻ ይቀር ነበር። ሞተሪኖው በግምት 120 አምፒር ይስባል ብንል ወደ 240 ዋት ይመጣል። አራት ባለ 60 ዋት የቤት አምፖል በአንድ ብሎን ላይ እንደ ማብራት ነው። ለሞተሪኖው የደረሰው ደግሞ ከ10.9 ላይ በሁለቱ በኩል የቀረው 2.5 ሲነሳ 8.4 ቮልት ነው። በዚህ ቮልት ሞተር ያስነሳ ሞተሪኖ ካርቦን መቀየር ሳይሆን ምስጋና ነበር የሚገባው።

የነዳጅ ፔዳሉን ገመድ ነገር ቀላል አድርገህ አትየው። ኮረንቲ የተዘጋበትን በር ትቶ ክፍት ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል። ማያያዣው ተንጠልጥሎ፣ ዋናው ኬብል ታምሞ እያለ፣ ከቦዲው ወደ ሞተሩ ከሚያደርሱት የቀሩ ብረቶች አንዱ የፔዳሉ ገመድ ነው። ቀጭኑ የብረት ገመድ ሲግል ውስጡ ያለው ፕላስቲክ ልባስ ይቀልጣል፤ ፔዳሉ የከበደህ ለዚህ ነው። ግራውንዱን ከጠገንክ በኋላ ገመዱን አውጥተህ እየው፤ ሲሳብ የሚያዝ ከሆነ ሳታመነታ ቀይረው። ፔዳል ተረግጦ ሳይመለስ መቅረት በቁልቁለት መንገድ ላይ የሚሞከር ነገር አይደለም።

አጠጋገኑ እንዲህ ነው። ሁልጊዜ ኔጌቲቩን አስቀድመህ ፍታ፣ መጨረሻ ላይ መልስ፤ ፖዘቲቩን አስቀድመህ ስትፈታ ቁልፉ ቦዲውን ከነካ የእሳት ብልጭታውን ታየዋለህ። ኤርባግ ያለው መኪና ከሆነ ኔጌቲቩን ከፈታህ በኋላ ቢያንስ 90 ሰከንድ ጠብቅ። ቀለበቱን ከላሜራው መያዣ አውርደህ በካምቢዮው አካል ላይ ወደተሠራለት ቦታ መልሰው። የካምቢዮው ብረት አሉሚኒየም ስለሆነ ዘይቱን በቤንዚን ጠርገህ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ብቻ አሸው፤ ከዚያ በላይ መፋቅ አያስፈልገውም። የቀለበቱንም ሁለት ገጽ አጽዳ። ጥርስ ያለው ሮንዴላ ጨምረህ በደንብ አጥብቅ፤ አሉሚኒየም መሆኑን አትርሳና ክሩን እንዳትበላው። ግራሶ ወይም ቫዝሊን የሚቀባው ከታሰረ በኋላ ከላይ ነው፣ እርጥበት እንዳያገኘው። አጭሩን ማያያዣም በሁለቱም ጫፍ እንዲሁ አድርግ። ቀለበቱ ከኬብሉ ጋር የሚገናኝበት ጉሮሮ አረንጓዴ ሆኖ ካየኸው አዲስ ቀለበት በመጭመቂያ ይጨመቅለት፤ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) ብቻ የተያዘ የማስነሻ ኬብል ሲግል ሊላቀቅ ይችላል።

አሁን ወደ ኋላ መብራቱ። የኋላ አምፖልህ ሁለት ክር አለው፤ የፍሬኑ 21 ዋት፣ የማታው 5 ዋት። ሁለቱ ክሮች ግራውንዳቸው አንድ ነው። ያ የጋራ ግራውንድ ከተቋረጠ ፍሬን ስትረግጥ በ21 ዋቱ ክር ያለፈው ኮረንቲ መውጫ ያጣና በ5 ዋቱ ክር በኩል ወደ ማታ መብራቱ ሽቦ ወደ ኋላ ይገባል። ከዚያ ሽቦ ጋር የተያያዙት ሌሎቹ የማታ መብራቶችና የዳሽቦርዱ አምፖሎች ግራውንዳቸው ደህና ስለሆነ በእነሱ በኩል ይወጣል። ዳሽቦርድህ በደብዛዛው የሚበራው በዚህ መንገድ ነው፤ በዚያው ጊዜ የቀኙ የፍሬን መብራት ራሱ ደብዝዞ ሊሆን ስለሚችል ከኋላህ ያለ ሹፌር ፍሬን መያዝህን ላያይ ይችላል። ባለፈው ዓመት ላሜራና ቀለም የተሠራውም በዚያው በቀኝ በኩል ነው ብለሃል። የፖርታባጋዩን (የኋላ ዕቃ መጫኛውን) ምንጣፍ ገልጠህ ጥቁሩ ወይም ነጭ በጥቁር ሽቦ በብሎን የታሰረበትን ቦታ ፈልግ፤ ከሥሩ ቀለም ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። ቀለም ቀቢው አጥፍቷል ማለት አይደለም፤ ሥራው መቀባት ነው። የመለሰው ሰው ግን መፋቅ ነበረበት።

ከሚኒሶታ፦

በክረምት በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንበት አገር ስለምኖር አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ከሞተር ወደ ቦዲ የሚሄደው የተጎነጎነ ማያያዣ ላይ ላዩን ሲያዩት ሙሉ ይመስላል፤ በእጅ ሲያጥፉት ግን እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረካከሳል። ጨዋማው ውኃ በክሮቹ መካከል ገብቶ ከውስጥ ይበላዋል። በፕላስቲክ በተሸፈነ ኬብልም ውኃው በተቆረጠው ጫፍ ገብቶ ሽፋኑ ሥር ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ ሽፋኑን ሲልጡት መዳቡ ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚህ ወደ አገር ቤት መኪና የምትልኩ ወይም ከዚህ አካባቢ የተገዛ ያገለገለ መኪና የሚደርሳችሁ፣ ከሥር ያሉትን ማያያዣዎች በዓይን ብቻ አትመኑ፤ ጋሼ ባሉት መንገድ ለኩ።

ባለ ኤሌክትሪክ መኪና፦

ከርዕሱ ብዙ ሳልርቅ ልጠይቅ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንደ ብዙው ሰው እኔም የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቻለሁ። ይህ ሁሉ ለእኔም ይሠራል ወይስ ጉዳዩ ሌላ ነው?

ኤሌክትሪሺያን ከአዳማ፦

መኪናዎ ሁለት የተለያየ ኤሌክትሪክ አለው። መብራት፣ ክላክስ፣ መስኮትና ኮምፒዩተሮቹ እንደ ማንኛውም መኪና በ12 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠሩት፤ ኔጌቲቩም ከቦዲው ጋር ታስሯል። በዚህ በኩል ያልነው ሁሉ ይሠራል፤ እንዲያውም ኮምፒዩተሮቹ ብዙ ስለሆኑ አንድ የላላ ግራውንድ እርስ በርስ መነጋገር አቅቷቸው ዳሽቦርዱን በማስጠንቀቂያ መብራት ሊሞላው ይችላል። መንኮራኩሩን የሚነዳው ትልቁ ባትሪ ግን ፖዘቲቩም ኔጌቲቩም ከቦዲው ተለይቶ የተሠራ ነው፤ መኪናው ራሱ ይህ መለየት እንዳልተበላሸ እየተከታተለ፣ ከተበላሸ ያስጠነቅቃል። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸውን ኬብሎች በዚህ ሥራ የሠለጠነና መከላከያ ያለው ባለሙያ ካልሆነ ማንም አይንካቸው። የእኔ መልቲሜትርም ወደዚያ አይሄድም።

አሥር ቁልፍ፦

ጋሼ፣ ትምህርት ወስጃለሁ። ዛሬ የራሴን ቪትዝ በዚሁ መንገድ ለካሁ። እኔ የጨመርኩት ኬብል እንደታሰረ 0.1 ቮልት ነው፤ እሱን ፈትቼ ስለካ 1.4 ሆነ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዋናው ኬብል እንደታመመ ነበር ማለት ነው። ሽፋኑን ስልጠው ሞርሴቱ አጠገብ መዳቡ ወደ አረንጓዴ ዱቄት ተለውጧል፤ ሰኞ አስቀይረዋለሁ።

ባለ ኮሮላ፦

ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ቀለበቱን ወደ ቦታው መለስኩት፤ ብርጭቆ ወረቀትና ቤንዚን ይዤ ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከሞተር ወደ ቦዲው የሚሄደው ማያያዣ ጫፉ ስለተበጣጠሰ በአዲስ ኬብል ተካሁት። አሁን ሞተሪኖው ሲዞር ከኔጌቲቩ እግር እስከ ሞተሩ 0.16 ቮልት ነው። ሞተሪኖው ላይ በቀጥታ ስለካ ከ8.4 ወደ 10.2 ቮልት ከፍ ብሏል። በመጀመሪያ ያስደነገጠኝ በባትሪው እግሮች ላይ ከ10.9 ወደ 10.7 ዝቅ ማለቱ ነበር፤ ኋላ ግን መንገዱ ስለተከፈተለት ሞተሪኖው ከበፊቱ የበለጠ ኮረንቲ እየሳበ እንደሆነ ገባኝ። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ። ቁልፉን ገና ከመንካቴ ነው የሚነሳው።

ሞተሩ እየሠራ፣ መብራትና ማራገቢያ በርቶ ባትሪው ላይ 14.0 ቮልት አለ። የሙቀት ጌጁ መርፌም መብራት ሲበራ አይነቃነቅም። የፔዳሉ ገመድ ሲወጣ ውስጠኛው ልባስ ሁለት ቦታ ላይ ቀልጦ ተጣብቆ ስለተገኘ ተቀይሯል።

የኋላው ልክ ጋሼ እንዳሉት ነው። ምንጣፉን ገልጬ ነጭ በጥቁር ሽቦ የታሰረበትን ብሎን ስፈታ ከሥሩ አንጸባራቂ ቀለም፣ ከቀለሙም ሥር ስቱኮ አገኘሁ። ሳልነካው በፊት ፍሬን አስረግጬ በሽቦውና በንጹሕ ብረት መካከል ብለካ ከ8 ቮልት በላይ ነበር፤ ብረቱ እስኪታይ ፍቄ ካሰርኩት በኋላ 0.04 ሆነ። በፋቅኩት ዙሪያ ያለውን ባዶ ብረት እንዳይዝግ ቀለም ቀባሁት፤ በዚህ ጊዜ ግን ካሰርኩት በኋላ ነው።

የድሮውን ባትሪ መልሼ ለመሞከር ፈልጌ ነበር። አዲሱን ስገዛ የዋጋ ቅናሽ ለማግኘት ለሱቁ ስላስረከብኩት፣ እሱን መለካት አልቻልኩም።